ላፕቶፔ ፍሪጅ ውስጥ ስለገባችበት ሁኔታ ለክቡር ሰብሳቢያችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ አምሃ ወልደ ኢየሱስ
የብሎካችን የነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ
አያት ኮንዶሚኒየም

ቁጥር፦ የለውም፤ ማኅተሙም መዝገቡም እርስዎ ዘንድ ነው
ጉዳዩ፦ በኮሪደራችን ላይ የተመታው ላሜራ እንዲነሳልን ስለመጠየቅና እግረ መንገዴንም ስለማመስገን

ክቡር ሆይ፣

ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? ትከሻዎስ? ያ ጠላትዎ ነፋስ ዳግም ሳይደፍርዎ እንደከረመ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና እናቴ ወይዘሮ ዳርቱ በእርስዎ ጥበቃ ሥር ሆነን፣ አንዳች አየር ሳይነካን፣ ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት በእንፋሎት እየበሰልን በመልካም ጤንነት ላይ እንገኛለን።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ማስረከብ ሲገባኝ ምድር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ። ባለፈው ስብሰባ «ቅሬታ ያለው ሰው ደረጃ ላይ ቆሞ ከሚያንሾካሹክ በግልጽ ይለጥፍ» ብለው ያዘዙት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ፣ ትእዛዝዎን በመፈጸም የመጀመሪያዋ ነዋሪ መሆኔ ኩራት እንጂ ሌላ ስሜት አላሳደረብኝም።

ሰሌዳውን የሚያነቡ አዲስ ተከራዮች ነገሩ እንዳይጠፋባቸው ራሴን ላስተዋውቅ። ሲፋን ገመዳ እባላለሁ። ከእናቴ ጋር የምኖር፣ ሠርግ ቀርጬ ቪዲዮውን ቤቴ ቁጭ ብዬ የማቀናብር ሰው ነኝ። የሥራ መሣሪያዬ አንዲት ያገለገለች ላፕቶፕ ናት። ላፕቶፕ ደግሞ፣ ክቡርነትዎ ቢፈቅዱላት፣ ትተነፍሳለች፤ ከሥሯ ቀዝቃዛ አየር ትስባለች፣ ከጎኗ ትኩሱን ታስወጣለች። የምትስበው ስታጣ ትግላለች፤ ሲብስባት ራሷን ለማዳን ስትል ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ትላለች። ሠርግ ማቀናበር ለእሷ ዳገት መውጣት ነውና አየር ከማንም በላይ ያስፈልጋታል። ይህን ካወቁ ዘንድ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይገባቸዋል።

አንደኛ፦ ስለ ላሜራው አመሰግናለሁ።

ሕንፃውን የሠሩት ሰዎች በኮሪደራችን ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ያላቸውን ብሎኬቶች የደረደሩት አየር እንዲገባበት ነበር። እርስዎ ግን ከእነሱ አርቀው አስተውለው፣ ከእንጦጦ በኩል የሚነሳው ነፋስ በእነዚያ ቀዳዳዎች ገብቶ፣ ኮሪደሩን ቀጥ ብሎ አቋርጦ፣ በመንገዱ ያገኘውን ሰው ሁሉ አልፎ የእርስዎን ወገብ ብቻ መርጦ እንደሚመታ ደረሱበት። በስብሰባው ላይ አንገትዎን በሻርፕ ጠምጥመው «ወገኖቼ፣ ሰውን የሚገድለው በሽታ ብቻ አይደለም፤ ሾልኮ የሚገባ ነፋስ አለ» ሲሉ ያላዘነልዎ አልነበረም። እናቴ ብቻ፣ ይህ ሰፈር ማሳ በነበረበት ዘመን እዚሁ ያረሰች ሰው ስለሆነች፣ «ነፋስ ባይኖር እህሉን ከገለባው በምን እንለየው ነበር?» ብላ ከኋላ አጉረመረመች፤ ስለ እሷ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቀዳዳዎቹ በሳምንቱ በላሜራ ተሸፍነው በብሎን ታሰሩ። የሥራ ክፍሌ አንድ መስኮት ብቻ አላት፤ እሷም የምትከፈተው ወደዚያው ኮሪደር ነው። እጄን አውጥቼ «ጋሽ አምሃ፣ ለእኔ አየር ከየት ይመጣልኛል?» ብዬ ስጠይቅዎ ምንም ሳያመነቱ «ከበር» አሉኝ። መፍትሔ በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ መሪዎች ብርቅ በሆኑበት ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ ማግኘት መታደል ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ በሬ አመሰግናለሁ። በሬ ስል የቤቴን በር ማለቴ ነው፤ ከብት የለኝም፤ ቢኖረኝም ማኅበሩ ሳይፈቅድ ደረጃ አላስወጣውም ነበር።

በዚያ ሰሞን የያዝኩት ሥራ የራስዎ ልጅ የሠናይት ሠርግ ነበር። ሥራው እንደሌሎቹ ሠርጎች ቀስ ተብሎ የሚደረስበት እንዳልሆነ እኔም እርስዎም እናውቃለን። እናትዎ እማማ ወለተጊዮርጊስ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከእንጦጦ ወርደው ሠርጉ ላይ መገኘት አልቻሉም። ዓይናቸው ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም የደከመውን መመለስ እንደማይቻል፣ ማዘግየት ብቻ እንደሚሞከር ተናግሯል። ስለዚህ በሠናይት በኩል አንዲት መልእክት ላኩልኝ፦ «ያቺን ልጅ ፍጠኚ በሏት፤ ዓይኔ ሳይከደን የልጅ ልጄን ሙሽርነት ልይ።»

እኔም በእርስዎ ምክር መሠረት በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ላፕቶፗን በአራት የለስላሳ ቆርኪ ላይ አስቀምጬ፣ በሥሯ አየር እንዲዘዋወር አድርጌ ሥራዬን ጀመርኩ። ያኔ እርስዎ መጡ። በየቀኑም መጡ። «ሲፋን፣ የልጄ ቪዲዮ የት ደረሰ?» ይሉኛል። «ጋሽ አምሃ፣ ሙቀቱ አላሠራ አለኝ፤ እየጋለች ትጠፋብኛለች» እልዎታለሁ። «በርቺ፣ በርቺ» ይሉኝና ሲወጡ «ሌባ እንዳይገባብሽ» ብለው በሬን በገዛ እጅዎ ዘግተው ይሄዳሉ። ተነስቼ እከፍታለሁ፤ ከደረጃው ሲመለሱ እንደገና ይዘጉልኛል። አባቴ እንኳ በሕይወት ሳለ እንዲህ አልተጨነቀልኝም።

እናቴም በበኩሏ የእርስዎን መምጣት እያከበረች፣ ሰብሳቢ ፊት ዕቃ በቆርኪ ተደግፎ መታየቱ ነውር ሆኖባት፣ የእግርዎን ድምፅ በሰማች ቁጥር ቆርኪዎቹን ሰብስባ ላፕቶፗን በጥልፍ ትራስ ላይ ታስቀምጣታለች። ትራስ ላይ የተቀመጠች ላፕቶፕ አፏ የታፈነ ሰው ማለት ናት። ትንሽ ቢያሳርፋት ብዬ የማልጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች፣ ዘፈኑንም ፌስቡኩንም፣ በላፕቶፗ ውስጥ ተከፍተው የነበሩ መስኮቶችን ሁሉ ዘጋሁ። ከውስጥም ከውጭም ክፍት የቀረ መስኮት ስላልነበረ፣ በዚህ ረገድ ማኅበራችን ግቡን ሙሉ በሙሉ መምታቱን ልመሰክርለት እችላለሁ።

እዚህ ላይ ከአክብሮት ጋር የምጠቅሳት አንዲት ነገር አለች። ላፕቶፗ የምትጠፋው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ ትሠራለች፤ ኬኩ ሲቆረስ ትሠራለች፤ እርስዎ ማይክራፎን ጨብጠው «ብዙ አልናገርም» ሲሉ ድርግም ትላለች። መሣሪያ ናት፣ ክፋት የለባትም፤ ንግግሩ ረጅም ስለሆነና እሷም እስከዚያ ድረስ ስለምትግል ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ባልዲው አመሰግናለሁ፤ በተለይ ስላልተደፋው ውኃ።

አንድ ከሰዓት ላፕቶፗን ሥራ ላይ ትቻት ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። እናቴ ገብታ ብትነካት ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ትፋጃለች። ብቻዋን ስታጓራ አይታ አዘነችላት፤ በስብሰባውም ሾልኮ የሚገባ ነፋስ እንደሚገድል ከእርስዎ ተምራ ነበርና፣ አልጋዬ ላይ አስተኝታ በጋቢ ጥቅልል አደረገቻት። እውቀት ለሕዝብ ሲዳረስ ውጤቱ እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መላው ብሎክ ያስታውሳል። የተቃጠለ የጥጥና የፕላስቲክ ሽታ ከቤታችን ወጣ፤ በፊት ቢሆን በቀዳዳዎቹ በኩል ወጥቶ ይበተን ነበር፤ አሁን ግን ላሜራው አላሳልፍ ስላለው ኮሪደሩን ሞልቶ የየሰዉን በር አንኳኳ። ዳቦዬን ይዤ ስመለስ ያገኘሁት፣ እርስዎን ከፊት፣ የማኅበሩን ጸሐፊ አቶ ሂርጳን ባልዲ ሙሉ ውኃ ተሸክመው ከኋላ፣ እናቴን ደግሞ አልጋዬ ግርጌ ቆማ «ምንም አልሆነችም፣ ተኝታ ነው» ስትል ነበር። አቶ ሂርጳ ባልዲውን ከፍ አድርገው ሊደፉት ሲሉ፣ ያ ሁሉ ሥራ ውኃ ሊበላው መሆኑን አይቼ፣ ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ ብቻ «ጋሽ ሂርጳ ተው! ሠናይት እዚያ ውስጥ ናት!» ብዬ ጮህኩ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ያሳዩትን ፍጥነት እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። «ልጄን!» ብለው፣ ወገብዎን ረስተው፣ አልጋው ላይ ዘለው ጋቢውን ገፈፉት። ከሥሩ ላፕቶፗን ሲያገኙ ጋቢውን በእጅዎ እንደያዙ ቀሩ። እናቴ እንግዳ ቆሞ እንዳይቀር ብላ «ቤት ነው፣ ተቀመጡ» አለችዎ። አቶ ሂርጳ ባልዲውን እንደያዙ ሳቃቸውን ለመዋጥ ወደ ኮሪደር ወጡ፤ ሳቁም ሽታውም እዚያው ኮሪደር ውስጥ ታሽጎ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ በዚሁ ሰሌዳ ላይ «ማንኛውም ነዋሪ ከኮሚቴው ፈቃድ ሳያገኝ የሚግል ዕቃ መጠቀም አይችልም» የሚል ማስታወቂያ በማኅተም ወጣ። ሕግ አክባሪ ሕዝብ እንዳለዎት ያን ዕለት ጠዋት አዩ። ጎረቤቶቻችን ማንቆርቆሪያቸውን፣ ካውያቸውን፣ አንዳንዱም ምድጃውን በእጁ ይዞ፣ ሻይ ማፍላት ይፈቀድልን ብለው በርዎ ላይ ተሰልፈው ጠበቁዎት። ከመኝታ ልብስዎ ሳይወጡ «ሻይ አይመለከትም!» ሲሉ አንድ ሰው «ካውያስ?» አለ፤ «ካውያም አይመለከትም!»፤ «ወጥስ?»፤ በሩን ዘጉት። ሰልፉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ የሚል ወሬ ደርሶዎት እንደሆነ፣ እኔ ያዘጋጀሁት የፊቱን ግማሽ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ የዚህ ደብዳቤ ዋና ምክንያት ወደሆነው የሙያ ምክርዎ እደርሳለሁ።

እኔ ለክርስትና ቀረጻ ሲኤምሲ በሄድኩበት ቀን ስለ ቪዲዮው ሊጠይቁ መጥተው እናቴን ብቻ አገኙ። ላፕቶፗን በመዳፍዎ ነክተው «ይቺማ እሳት ናት» አሉ። ከዚያም «ወይዘሮ ዳርቱ፣ የጋለ ነገር መድኃኒቱ ብርድ ነው፤ ፍሪጅ አላችሁ አይደል?» አሏት። እናቴ የዋህ አይደለችም፤ «አይጎዳትም?» ብላ ጠይቃለች። «ሥጋን ያላበላሸ ፍሪጅ ብረት ያበላሻል?» ብለው መለሱላት። እሷም እርጎውን ገፋ አድርጋ ቦታ አበጀችላት።

ማታ ስመለስ ላፕቶፔን በቲማቲሙና በእርጎው መካከል ተቀምጣ አገኘኋት። እናቴ በደስታ «ቀዘቀዘችልሽ» አለችኝ። ስትወጣ የቤቱ ሙቀት አገኛትና ላብ በላብ ሆነች፤ በቁልፎቿ መካከል ውኃ ተንቆረዘዘ። ብጫናት አልነሳ አለች።

ክቡር ሰብሳቢ፣ በዚህ ቦታ ላይ ቀልዱን ለጥቂት መስመር ልተወው። የተቀረጸው በሌላ ቦታ ተቀምጦልኝ ስለነበር አልጠፋም፤ የጠፋው ጊዜው ነው። ያን ምሽት ሠናይት ደወለችልኝ። ምን እንደደረሰ ገና አልነገርኳትም። «ሲፊ፣ ትናንት እማማ ጋ ሄጄ ነበር» አለችኝ፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። «በሩ ላይ ቆሜ ዝም ብዬ ባያት ዝም ብላ አየችኝ። ማን እንደሆንኩ ያወቀችው ስናገር ነው።» ስልኩን ዘግቼ ከእናቴ ጋር ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ተቀመጥን፤ እናቴ ፍሪጁን እያየች «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያለች አለቀሰች። እርስዎ በዚያ ሰዓት ደህና ተኝተው እንደነበር ከኮሪደሩ ይሰማ ነበር።

ጠዋት መገናኛ ወስጄ ለጠጋኙ ለግሩም ሰጠሁት። ሲከፍታት ፊቱ ላይ የነበረውን መግለጽ ይከብደኛል። «እህት፣ ምን ሆና ነው?» አለኝ። ፍሪጅ ውስጥ ገብታ ነው አልኩት። «ማነው ያስገባው?» «የሕንፃችን ሰብሳቢ መክረው ነው።» «መሐንዲስ ናቸው?» «አይ፣ ሰብሳቢ ናቸው።» ውኃውን አድርቆ፣ ከማራገቢያዋ ላይ ከጋቢ የረገፈ ጥጥና የግንባታ አቧራ ተጋግሮ የሠራውን ምንጣፍ አውጥቶ አሳየኝ። «እንዳትነኪያት፣ በደንብ ትድረቅ» ብሎ አሰናበተኝ። ተመልሼ ሄጄ ደርቃ ስትነሳ ሳያት እልል አልኩ፤ ደንበኞቹ ሠርግ የተጠራሁ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ቤቴ ይዣት ልመለስ ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ነገር አሰብኩ። የሚዘጋ በር፣ የተዘጋ መስኮት፣ የሚያዝን እናት፣ የሚመክር ሰብሳቢ ያለበት ቤት ውስጥ ይህ ሥራ አያልቅም። ወደ አያት የሚሄደውን ታክሲ ትቼ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ሽቅብ ተሳፈርኩ። ሠናይት መንገዱን በስልክ ነገረችኝ። እናም ላፕቶፔን ታቅፌ፣ ሳላሳውቅዎ፣ እናትዎ ቤት ገባሁ።

እማማ ወለተጊዮርጊስ ፀሐይ የሚገባበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። የእርስዎ ጎረቤት መሆኔን ስነግራቸው «የቪዲዮዋ ልጅ ነሽ?» ብለው እጄን ፈልገው ያዙኝ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ከጫካው የሚመጣው ነፋስ መጋረጃውን ያውለበልበዋል። «ልጄ፣ ብርድ ይሆንብሻል፣ ልዝጋው?» ቢሉኝ «እማማ ይሙቱ፣ እንዳይዘጉት!» አልኩና እሳቸውም እኔም ደነገጥን። ከዚያ ሳቁ። «ጎሽ፤ እኔም መስኮት ተዘግቶ ትንፋሼ አይመጣልኝም። አምሃ ነው እንጂ ከልጅነቱ ብርድ ፈሪ። አንድ ጊዜ ጭራሮ ልቀም ብዬ ብልከው ባዶ እጁን እየሮጠ መጣ። ምን ሆንክ ብለው፣ ነፋስ አባረረኝ አለኝ።»

ይህንን እዚህ ላይ መጻፌ ምስጢር ለማውጣት ሳይሆን፣ ከነፋስ ጋር ያለዎት ጠብ ረጅም ታሪክ ያለው መሆኑን ነዋሪዎች ተረድተው እንዲያዝኑልዎ ነው።

ላፕቶፗን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ያ እስከ አያት ድረስ ተጉዞ ወገብዎን የሚመታው ነፋስ፣ እዚያ ከምንጩ፣ ገና ሳይደክመው፣ በሥሯ ገብቶ በጎኗ ወጣ። አንድ ጊዜም አልጠፋችም። እየተመላለስኩ ሠራሁ፤ እማማ ቆሎ እያቀረቡልኝ፣ «ሞቃት?» እያሉ በመዳፋቸው ይዳስሷት ነበር። ወደ ንግግርዎም ደረስኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠፋችም፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

እውነቱን ልናገር። መቀሴን ስዬ ነበር የጠበቅኩት። ስለ መኪና ማቆሚያ ሥርዓት ያስረዱበትን ቆረጥኩ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተደገፉ እንግዶችን የገሰጹበትን ቆረጥኩ። ማኅበራችን ከተመሠረተ ጀምሮ ያስመዘገባቸውን ድሎች ለሚዜዎች የዘረዘሩበትን ቆረጥኩ። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ምግብ ላይ ተነስቶ፣ እርስዎን የሚሰማ ማንም በሌለበት፣ ወረቀቱን አጥፈው «እናቴ ዛሬ እዚህ የለችም» አሉ። ቀጥሎም «የተማርኩትም ያገባሁትም በእሷ ጉልበት ነው፤ ጉልበቷ ዛሬ እምቢ ያለው እኔ ስለጨረስኩት ነው» ብለው ድምፅዎ ተቆረጠና ማይክራፎኑን ለማን እንደሚሰጡት ጠፋዎት። ካሜራዬ እዚያ ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁም ነበር። ያንን አልነካሁትም።

ያለቀ ዕለት ሠናይት መጣች፤ ሁለታችን እማማን በመካከላችን አድርገን ስክሪኑን አቀረብንላቸው። አፍንጫቸው ሊነካው ምንም አልቀረውም። «ይሄ ነጩ ቬሉ ነው?» «አዎ እማማ።» «ሳቀች እንዴ?» «ስቄያለሁ።» በጣታቸው ፊቷን ስክሪኑ ላይ ዳሰሱት፤ አገኙት። የእርስዎ ድምፅ ሲመጣ ቀና አሉ። ጆሯቸውን አስጠግተው እስኪያልቅ ሰሙ። ከዚያም «እስቲ መልሺው» አሉኝ። መለስኩት። «እስቲ መልሺው።» እስኪጠግቡ ድረስ መለስኩላቸው። በመጨረሻም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው «ይሄ ልጅ ብርድ ይፍራ እንጂ ክፉ አይደለም» አሉ።

እኔም ከዚህ የተለየ አስተያየት የለኝም፤ ስለዚህ ከላይ በዘረዘርኳቸው ውለታዎች ሁሉ ላይ አንድ ትንሽ ልመና ብቻ እጨምራለሁ። ላሜራው ቢነሳ። ሁሉም ባይሆን በእኔ መስኮት ፊት ለፊት ያለው። ወገብዎን በተመለከተ እናቴ ወፍራም ጋቢ ልታበድርዎ ተዘጋጅታለች፤ የሚግል ዕቃ እንዴት እንደሚጠቀለል ልምድ ያላት ሰው መሆኗን በዓይንዎ አይተዋል። በሬ ተከፍቶ ቢያዩም ሌባ ሳይሆን አየር እየጠበቅኩ መሆኑን ይረዱልኝ። የቪዲዮውን የእርስዎን ቅጂ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ካለው ሳጥን ያገኙታል፤ እባክዎ ሲያዩት ላፕቶፕዎን ጭንዎ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው እንዳያስቀምጧት።

በቀረው ዘመንዎ በርዎ አንኳኪ የማያጣ፣ ወገብዎ የማይጎነብስ፣ ማኅተምዎ ቀለም የማያጣ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከተዘጋው መስኮት ወዲህ ሆኜ በታላቅ ትሕትናና በብዙ ላብ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ ጎረቤት
ሲፋን ገመዳ
(ፊርማው በላብ ትንሽ ተበላሽቷል)

ግልባጭ፦
— ለአቶ ሂርጳ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ (ባልዲውን እናቴ አጥባ መልሳለች)
— ለሻይ ሰልፈኞች በሙሉ
— ለእማማ ወለተጊዮርጊስ፣ እንጦጦ (በቃል የተነበበላቸው)

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ለእማማ ይህን ደብዳቤ ሳነብላቸው ያልጠበቅኩት ነገር ተከሰተ። ለዓይናቸው ክትትል ሐኪሙ ጋ መመላለስ ስላለባቸው ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ እርስዎ ቤት ሊሰነብቱ ወስነዋል፤ ለእርስዎ እኔ እንድነግርላቸው አዘውኛል። መስኮት ተዘግቶ እንደማይተኙም አክለዋል። መስኮቱስ ይከፈታል እማማ፣ ግን ፊት ለፊቱ ኮሪደሩ ላይ ላሜራ ተመቶበታል አልኳቸው። «በምን ነው የታሰረው?» አሉኝ። «በብሎን» አልኳቸው። «መፍቻ አለሽ?» አሉኝ። አለኝ ብያቸዋለሁ።